እትዬ ትንፋሽና የተቆለፈባቸው የዮጋ ክፍል

ልጆች «እትዬ ትንፋሽ» የሚሏቸው እህታችን ከሰዓት ሠሪው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1958 ዓ.ም. ተወለዱ። የአምስት ልጆች ታላቅ ስለነበሩ ታናናሾቻቸውን አዝለውም ቆንጥጠውም አሳድገዋል፤ ይህን የሚጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ሁለቱንም ቀምሷል።

በ1979 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህርት ሆኑ። በ1983 ዓ.ም. ከአናጢው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ወንዶች ልጆች አፍርተዋል። ፊሽካቸው ከአንገታቸው አይወርድም ነበር። ፊሽካውን ያስጣለቻቸው የዚሁ ጸሐፊ ልጅ ናት። ኦቲዝም ስላለባት በ2010 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ስትገባ ፊሽካው በተነፋ ቁጥር ጆሮዋን ይዛ ግድግዳ ሥር ትኮራመት ነበር። እትዬ ይህን ባዩ ዕለት ፊሽካቸውን ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት።

ከዚያ ዮጋ ተምረው መጡ። በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው! ጸሐፊው «እትዬ፣ ወገብሽን ሰብረሽ ጉድ እንዳታደርጊን» ብሎ ስቆባቸዋል፤ ጥፋቱን ዛሬ በሰው ፊት ያምናል።

የወንበር ማከማቻ ክፍል ለምነው የጸሐፊውን ልጅ ጨምሮ ኦቲዝም ባለባቸው ዘጠኝ ልጆች ጀመሩ። ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል፦ ጫማ ማውለቅ፣ በየራስ ምንጣፍ መቀመጥ፣ እጅን ሆድ ላይ አድርጎ በቀስታ መተንፈስ፣ ከዚያ እንደ ድመት ጀርባን ማጉበጥ። አንዱ ነገር ከተዛባ ልጆቹ ይረበሻሉ። በአራተኛው ወር የጸሐፊው ልጅ ጫጫታ ሲበረታባት መሮጧን ትታ እጇን ሆዷ ላይ ማድረግ ጀመረች። እናቷ ያን ቀን አለቀሰች።

በ2015 ዓ.ም. ከትምህርት ቢሮ ገምጋሚ ኮሚቴ መጣ። እትዬ ከሁለት ሰው በላይ እንዳይገባ፣ ጫማ እንዲወልቅ፣ ስልክ እንዲዘጋ አስቀድመው በጽሑፍ ለምነው ነበር። ሰባት ሆነው ገቡ! በነጫማቸው ምንጣፉ ላይ ቆሙ። የአንደኛው ስልክ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ልጆቹ ጮኹ፣ አንዱ መደርደሪያ ሥር ተደበቀ። ኮሚቴው በሩብ ሰዓት ጨርሶ «ዮጋው ልጆቹን አያረጋጋም» ብሎ ጻፈ። ወይ ጉድ! ራሳቸው በጥብጠው!

ክፍሉ ተቆለፈ። እትዬ ስምንት ጊዜ ትምህርት ቢሮ ተመላለሱ፤ መልሱ ሁሌም «ይታያል» ነበር። «የሚያየው ማን ነው? እስቲ እሱን አሳዩኝ» እያሉ ተቃጥለው ቤት ይገቡ ነበር። ተስፋ ግን አልቆረጡም፤ የአንደኛ ክፍሏን መምህርት እንድትተካቸው ሳሎናቸው ውስጥ አሠለጠኗት።

በጉበት ሕመም አምስት ወር በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። አልጋ ላይ ሆነውም «ተከፈተ?» ይሉን ነበር። ዐይናቸውን እያየን መዋሸት አቃተን።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት ወንድምና እህቶቻቸውን፣ ምንጣፋቸው የተቆለፈባቸውን ዘጠኝ ተማሪዎች ትተው ሄደዋል። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ ሐዘናችንን ሊካፈሉ ስለመጡ እናመሰግናለን። መምህርቷ አለች፣ ልጆቹም አሉ፤ ቁልፉ ያለው እርስዎ ጋ ነው። ፈጣሪ የእህታችንን ነፍስ በዕረፍት ቦታ ያኑርልን፤ እርስዎም ሰኞ በሩን ይክፈቱልን።