ላፕቶፔ ዘጠና አራት ዲግሪ ላይ

ሰኞ

አላወጣውም። ከሥራ ስገባ እትዬ ዘይነባ በር ላይ ጠብቀው፣ «ይኸ ዕቃሽ ስድስት ሰው በሚተኛበት ክፍል እሳት ሊያስነሳ ነው። እስከ ዓርብ ካልበረደ ወይ እሱ ይወጣል ወይ አንቺ» አሉኝ። ዱባይ፣ አል ቁሰይስ ያለው ክፍላችን በሳቸው ስም ነው የተከራየው፤ እኛ አምስታችን ቤድ ስፔስ ነን፣ የየአልጋችንን ብቻ የምንከፍል። መናገር ይችላሉ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፤ እሺ ግን አላልኩም።

እውነቱን ለመናገር ይሞቃል። ያገለገለ የጌም ላፕቶፕ ነው፣ ከገዛሁት ሁለት ወሩ። አልጋዬ ላይ፣ እህቴ ከደሴ የላከችልኝ ዳንቴል ላይ በክብር አስቀምጬ የመኪና ውድድሬን እነዳለሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የግራፊክስ ካርዱ ዘጠና አራት ዲግሪ ይገባል፤ ሙቀቱን የሚያሳይ ፕሮግራም አውርጃለሁ። ከዚያ ጌሙ ይንቀረፈፋል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ትዕግስት ከላይኛው አልጋ «አውሮፕላኑ ሊነሳ ነው፣ ቀበቶ እሰሩ» ትላለች።

ማሪና ሰፈር ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት ስወለውል ውዬ አንድ ሰዓት መኪና ብነዳ ምናለበት? መንጃ ፈቃድ እንደሆነ የለኝም።

ማክሰኞ

ከሥራ ገብቼ ኢንተርኔት ላይ ሳነብ አመሸሁ። ጌም ሲጫወቱበት ሰማንያ ምናምን ዲግሪ ለላፕቶፕ የተለመደ ነው ይላሉ። ከዘጠና አልፎ ሲቆይ ግን ካርዱ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። መንቀርፈፉ ለካ ከዚያ ነው። ይሞቃል ማለትና ተበላሽቷል ማለት አንድ አይደለም።

ጌም ሳልከፍት፦ ስልሳ ሁለት።
አምስት ደቂቃ ነድቼ፦ ሰማንያ ስምንት።
ግማሽ ሰዓት፦ ዘጠና አራት።
የአልጋዬን መጋረጃ ገልጬ፦ ዘጠና ሦስት። ለአንዲት ዲግሪ ብዬ የክፍሉ ሰው ሁሉ አፍጥጦ አየኝ።

ረቡዕ

እረፍቴ ነው። ቡር ዱባይ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ሰውዬው ሳይፈታው ሆዱን በእጁ ዳሰስ አደረገና፣ «ኸላስ፣ ካርዱ አልቆለታል። ለመለዋወጫ እኔ ልውሰደው» አለኝ። ላለቀለት ነገር እንዲህ መጓጓቱ አላማረኝም። «ሳትከፍተው እንዴት አወቅክ?» ስለው፣ «ልምድ ነው» አለ።

ከእጁ ተቀብዬ ወጣሁ። ሜትሮ ውስጥ አቅፌው ትንሽ አለቀስኩ። ይህን ለትዕግስት አልነግራትም።

ሐሙስ

አንዷ ማዳም ኤሲዬ አላቀዘቅዝ አለ፣ በአዲስ ይቀየርልኝ ብላ ስትጨቃጨቅ ደረስኩ። ፊልተሩን አወጣሁት፤ በአቧራ ተደፍኗል። አጥቤ መለስኩት፣ ቤቱ ቀዘቀዘ። እኔ ግን ጨርቄን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ዓመት ሙሉ የሰው ኤሲ ሳጸዳ የራሴን ዕቃ ሆድ አንድ ቀን አላየሁትም።

ከሕንጻው የጥገና ሠራተኛ ትንሽ ብሎን መፍቻ ተዋስኩ። ቤት ገብቼ አጥፍቼው፣ ከኤሌክትሪክ ነቅዬ ከሥር ፈታሁት። የአየር ማስገቢያው በነጭ ክር ተሸፍኗል፤ ፋኑም ላይ ተጠምጥሟል። ክሩ ከየት መጣ ብዬ ዞር ስል ዳንቴሉን አየሁት፣ አንድ ጎኑ ተተርትሯል።

እኛ ቤት ቴሌቪዥኑም ሬዲዮኑም ዳንቴል ሳይኖረው አያድርም። እኔም ላፕቶፑን አከበርኩ ብዬ አፍኜው ኖሬያለሁ። አፈርኩ። ትዕግስት ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ «አውሮፕላኑን ቀሚስ አልብሰሽ ብረር ስትይው ከረምሽ!»

ክሩን በወረንጦ ለቀምኩ፣ አቧራውን በአዲስ የጥርስ ብሩሽ አወጣሁ። መልሼ ስገጥመው አንድ ብሎን ተረፈኝ። የት እንደነበረ ፈልጌ አገኘሁት።

ዓርብ

እትዬ ዘይነባ የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ሰግደው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ፍርድ ሊሰጡ። ላፕቶፑን ባዶ ጠረጴዛ ላይ አድርጌ አየር እንዲገባው ከኋላ በኩል ከሥሩ ሁለት የውሃ ጠርሙስ ክዳን አደረግኩለት። ጌሙን ከፍቼ መንዳት ጀመርኩ።

«ስንት ሲገባ ነው የሚፈነዳው?»

«አይፈነዳም፣ እትዬ።»

ሰባ አንድ። ሰባ ስምንት። ግማሽ ሰዓት ላይ ሰማንያ አንድ። ሰዓቱ ሲሞላ ሰማንያ ሁለት፣ ጌሙም አልተንቀረፈፈም። እትዬ ዘይነባ መዳፋቸውን ከጎኑ አስጠግተው ቆዩ።

«የኔ ስልክ ይብሳል ዋላሂ» አሉ። «ይቀመጥ። አልጋ ላይ ግን እንዳላየው።»

ተነስተው ይሄዳሉ ስል አልተነሱም። «እስቲ እኔም ልንዳው» አሉኝ። ሦስት ጊዜ ከግንብ አጋጩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ጥፋቱ የመንገዱ ነበር።

የሐምሌ ሙቀት ገና ነው፤ ኤሲው ሲደክም ሰማንያ ሁለቱ ስንት እንደሚሆን አላውቅም። መጥቶ ይሞክረን። ዳንቴሉን አጥቤ ትራሴ ላይ ዘርግቼዋለሁ። እትዬ ዘይነባ «ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የኔ ተራ ነው» ብለው ነው የተነሱት።