ቁም ሳጥኔ ላይ የተውሽው ካርቶን

ውድ ናዝሬት፣

ይህን በስልክ ልነግርሽ ቁጥርሽን አወጣሁና ተውኩት። ገና "ካርቶኑን ከፈትኩት" ስልሽ ሳቅሽን ትለቂዋለሽ፤ እኔም እናደዳለሁ፤ ወሬውም እዚያው ይቀራል። በወረቀት ግን ብትስቂም አልሰማሽም። ወንድምሽ ኪሩ ነገ ሐዋሳ ሊጠይቅሽ ስለሚመጣ በእሱ እጅ ልኬልሻለሁ። ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

አዎ፣ ከፈትኩት። አግብተሽ ከሽሮ ሜዳ ስትሄጂ ቁም ሳጥኔ ላይ የተውሽውን ካርቶን ማለቴ ነው። መቼም ያን ቀን የተባባልነውን አትረሺውም። በውሃ ብቻ የሚመታ የክሬም ዱቄትና ተቦክቶ የታሸገ ፎንዳንት፣ ያን የስኳር ሊጥ፣ ገዝተሽ፣ ደስ ብሎሽ መጣሽ። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ደሜ ፈላ።

"የፋብሪካ ክሬም ቀብቼ የእጄ ሥራ ነው ብዬ ልሽጥ? እንደሱ ከሆነ ለምን ኬክ ቤት እንከፍታለን፣ ሱቅ እንክፈት!" አልኩሽ።

"ሄሪ፣ ሰው የሚበላው ኬክሽን ነው እንጂ ድካምሽን አይደለም" አልሽኝ።

ይህች አነጋገርሽ አጥንቴ ድረስ ነው የገባችው። ከልጅነታችን ጀምሮ አንድ ሰፈር፣ በኋላም አንድ ኦቨን ላይ የኖርን ሰዎች፣ ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ "እንኳን አደረሰሽ" ከመባባል በቀር ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም። እኔም ካርቶኑን አውርጄ ማየት እንደ መሸነፍ ሆኖብኝ አቧራ አስጠጣሁት። የእጅ አንጓዬ አብጦ ማንኪያ መያዝ ሲያቅተኝ እንኳ ቅቤውን በእጄ ነበር የምመታው። ሚክሰራችን መቃጠሉን አልነገርኩሽም ለካ። ተቃጥሏል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የቁስቋሙን ጎሚስታ ዮፍታሔን ታውቂዋለሽ። እናቱ እማማ አጸደ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ነው ብሎ ኬክ አዘዘኝ። በሕይወታቸው ልደት ተከብሮላቸው አያውቅም።

"ጽጌረዳ ነገር በላዩ ላይ አድርጊበት፣ ትወዳለች። ደግሞ ራሷ ቆርሳ መጀመሪያ እሷ እንድትበላ ነው የምፈልገው፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው" አለኝ።

ልደቱ እሁድ ነው፣ ጥቅምት አጋማሽ ላይ። ረቡዕ አይደለም፣ ዓርብ አይደለም። ሁዳዴ ገና ነው፤ ፍልሰታ ደግሞ አልፏል። የእኔ የጴንጤዋ የጾም እውቀት እዚያ ላይ ያበቃል። አንቺ ብትኖሪ ሰውየው ሰላምታውን ሳይጨርስ "የጾም ነው የፍስክ?" ትይው ነበር። እኔ አልጠየቅኩም፤ እሱም አላሰበውም። ቅቤዬን መትቼ፣ የእንቁላል ነጩን አረፋ አውጥቼ፣ ጽጌረዳውን አንድ በአንድ ሠርቼ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጨረስኩ። ናዚዬ፣ እንዴት እንዳማረ! ብታዪው ትቀኚ ነበር።

ከዚያ ኬኩ የሚቀመጥበትን ጠረጴዛ ልይ ብዬ በታክሲ ወደ ቁስቋም ወጣሁ። እማማ አጸደ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ምሳ ይበላሉ።

"ነይ ብይ ልጄ፣ የጾም ነው ብለሽ እንዳትንቂው" አሉኝ።

"የምን ጾም ነው እማማ?"

"ጽጌ ነዋ! እመቤታችን ልጇን ይዛ የተሰደደችበት። እስከ ቁስቋም በዓል ድረስ ቅቤ የነካው ነገር በአፌ አይዞርም። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የያዝኩት።"

ዮፍታሔን ወደ ጓሮ ጎትቼ ብነግረው ራሱን ያዘ። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው አሉ፤ እሱ አይጾመውም፣ ለዚህ ነው የዘነጋው። "በቃ ምን ይደረጋል፣ ለእሷ አምባሻ እናስቆርሳታለን። ኬኩን እንግዳው ይብላው" አለ።

አስቢው እስኪ። ሰማንያ ዓመት ጠብቀው፣ በገዛ ልደታቸው፣ የገዛ ኬካቸውን ሰው ሲበላ ቁጭ ብለው ሊያዩ ነው! "አይሆንም፣ ለነገ ሌላ እሠራለሁ" አልኩት። አፌ ከሐሳቤ ቀደመ።

ቤት ስደርስ ነው የገባኝ። የጾሙ ስፖንጅ አያስቸግረኝም፤ ዘይትና ኮምጣጤ ጨምረን ስንት ጊዜ ጋግረናል። ክሬሙ ግን? እኔ የምኮራበት ክሬም ከነአበባው ቅቤና እንቁላል ነው። ያለ እሱ የቀረኝ ማርማላታ ቀብቶ መላክ ነበር። በዚያ ላይ አንጓዬ ያቃጥለኛል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እንባዬን ልጠርግ ቀና ስል፣ ካርቶንሽ ቁም ሳጥኑ ላይ ሆኖ ቁልቁል ያየኛል።

ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩት። ወዲያው አልቀደድኩትም። አንቺ የእሽግ ጀርባ በስልክሽ ካሜራ እያጎላሽ ስታነቢ "የመድኃኒት ወረቀት ነው እንዴ?" እያልኩ የምስቅብሽን ያህል፣ አሁን እኔው አጎንብሼ አነበብኩ። "ከወተት ነጻ ቢልም አትመኚው፤ ኬዚኔት ካለበት ያው ወተት ነው" ትይኝ ነበር። እውነትም አንዱ ዓይነት እሽግ ነበረበት፤ ወደ ጎን አደረግኩት። ሌላኛው የአትክልት ዘይትና ስኳር እንጂ ምንም የለውም። ፎንዳንቱንም ጄላቲን እንደሌለው አይቼ አረጋገጥኩ። የሁሉም የአገልግሎት ጊዜ ሊያልፍ ጥቂት ነበር የቀረው።

ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በሹካ ብመታው ለምለም ብሎ ቆመ። በሹካ! እኔ ለዚህ ነው እጄን ያሳበጥኩት? ሳቅም ንዴትም አንድ ላይ መጣብኝ። ጣዕሙን እውነት ልንገርሽ፣ የእኔን አያህልም። ስኳሩ ምላስ ይይዛል። ሎሚ ጨመቅኩበትና የሎሚውን ልጣጭ ፈቀፈቅኩበት፤ ያን ጊዜ ሰው ሆነ። ፎንዳንቱን ደግሞ እንደ ወረቀት አሳስቼ ጽጌረዳውን ቅጠል በቅጠል በጣቴ ጠቀለልኩ። ያ ሁሉ ሰዓት ቅቤ በመምታት ያልቅ የነበረ ጉልበቴ አበባው ላይ ዋለ። እንዲህ ያለ ጽጌረዳ ሠርቼ አላውቅም። እና ናዚ፣ ድካሜን የሚበላ ሰው የለም ያልሽው እውነት ነው። የእኔ ጥፍጥና ግን እሽጉ ውስጥ አልነበረም፤ እኔ ነኝ የጨመርኩት። ሁለታችንም ልክ ነበርን፣ ተስማሚልኝ።

የቅቤውን ኬክ የኛ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ፍርፋሪ ሳያስቀሩ በልተውታል።

እሁድ እማማ አጸደ ነጭ ለብሰው፣ ልጅ በልጅ ተከበው፣ ኬኩ ፊት ቆሙ። ቢላውን አነሱና መልሰው አስቀመጡት።

"ልጄ፣ ቅቤ የለውም?" አሉኝ።

"የለውም እማማ። ወተትም እንቁላልም የለውም።"

"እስቲ በማርያም በይ!"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። መሐላ እንደማልምል ታውቂያለሽ። ዮፍታሔ ላቡን ጠረገ። እኔም፣ "እማማ፣ እኔ አልምልም። ግን እያንዳንዱን እሽግ በዓይኔ አንብቤዋለሁ፤ ጾምዎን የሚያስፈታ ነገር የለበትም" አልኳቸው።

ትኩር ብለው አዩኝ። "የጸሎት ቤት ልጅ ነሽ አይደል?"

"አዎ እማማ።"

"እንግዲያው ባትምይም ይበቃኛል" አሉና አማትበው ቆረሱ። መጀመሪያ እሳቸው ጎረሱ። አኘኩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከዚያ ሣህናቸውን ወደ እኔ ዘርግተው "ድገሚኝ" አሉ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ከደረቴ ላይ የወረደልኝን ሸክም ምን ብዬ ልንገርሽ!

ሲመርቁኝ መደበቅ አልቻልኩም። "እማማ፣ ክሬሙ እኮ ከፋብሪካ ነው፤ የጓደኛዬ ነው" አልኳቸው። ጽጌረዳውን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ "ይሄንንም ፋብሪካ ነው የጠቀለለው? ለማንኛውም የጓደኛሽም እጅ ይባረክ" አሉ። ምርቃቱን ይኸው አድርሻለሁ።

አሁን ደንበኛ ሲደውል መጀመሪያ የምጠይቀው ያንቺን ጥያቄ ነው። በጽጌም ጊዜ ከእንግዲህ ማንንም ሳልጠይቅ አላልፍም። ቅቤ ለሚፈልግ ቅቤዬን እመታለሁ፤ ለሌላው አንጓዬን አሳርፋለሁ። ቀለል ብሎኛል፣ ናዚዬ። ከክሬሙ ይልቅ ካንቺ ጋር መኮራረፉ ነበር የከበደኝ።

እማማ አጸደ ለቁስቋም በዓል፣ ለጾሙ መፍቻ፣ የቅቤውን ኬክ አዘውኛል። በአንድ እጅ አይደረስም። ኅዳር ስድስት ሳይደርስ ነይልኝ።

ካርቶንሽን ለኪሩ ሰጥቼዋለሁ። ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የመረጥኩልሽን ነጠላ አጥፌ ውስጡ አስቀምጫለሁ። ነጠላውን ለብሰሽ፣ ካርቶኑን ራስሽ ተሸክመሽ ነይ። ባዶውን ግን እንዳታመጪብኝ።

ያቺው ግትሯ፣
ሄራን