ሰደፉ በማን ክንድ ይለካ

ፈይሳዬ፣ የልጆቼ አባት፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ የደብዳቤ ወጉ እሱ ነውና። ግን አንተ ካለህበት አገር መልስ ይዞ የመጣ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም፤ ስለዚህ የእኛን ብቻ ልንገርህ። አንተን የወሰደው ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት ደግሞ ገብቶ ወጣ። ሙት ዓመትህን አውጥተናል። ደህና ነን። ደህና ነን ስል ዓይንህን ጠበብ አድርገህ የምታየኝ ይመስለኛል፤ ቆይ፣ አትቸኩል፣ ሁሉንም እነግርሃለሁ።

ቤታችን ትተኸው የሄድክበት ቦታ ላይ የለም። በበጋው መንደር ተሰባሰቡ ተባልንና ቤቱን አፍርሰን፣ ማገሩንና ቆርቆሮውን ተሸክመን፣ ወደ ሲሬ በሚወስደው መንገድ ዳር በመስመር ተደረደርን። እንደ ተማሪ ሰልፍ ነው የቆምነው። ጎረቤት ሲያስነጥስ ይማርህ የምንለው ከአልጋችን ሳንነሳ ነው። ማሳው ግን አብሮን አልመጣም፤ እዚያው ጫካው ጥግ ቀረ። ዝንጀሮዎቹም ተሰባሰቡ መባሉን አልሰሙም። ድሮ አንተ በር ላይ ቆመህ ስትጮህባቸው ይሸሹ የነበሩት፣ አሁን የሚጮህባቸው ሰው ሩቅ መሆኑን አውቀዋል።

እናትህ ከእኛው ጋር ናቸው። ልጆቹ አኮ እያሉ ሲጠሯቸው እኔም ለምጄ አኮ ነው የምላቸው። ጉልበታቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው አልደከመም። ትልቋ ልጅህ ሌንሴ ያንተን ቁመት ወስዳ በሩን ጎንበስ ብላ ነው የምታልፈው። ትንንሾቹ ስለ አንተ ሲያወሩ ይስቃሉ፤ እኔም እንዲስቁ እተዋቸዋለሁ።

የተቀመጥኩት ግን ስለ ምንሽርህ ልጽፍልህ ነው።

በለቅሶህ ቀን እንደ ወጉ ጠመንጃህን አወጡት። ወንዶቹ እየተቀባበሉ፣ ከፍ አድርገው ይዘው፣ ስምህን እየጠሩ ሜዳውን ዞሩ። አንዱ ሲደክመው ለሌላው ያቀብላል። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ አላቆመም። አልቃሹም ጠመንጃውም አብረው በሰበሱ። እንዳይረጥብ ያለ ሰው አልነበረም፤ ማን ይላል፣ ያንተ ክብር ነው። ሰው ሲበተን ደግሞ አንዱ ደግ ዘመድ ይድረቅ ብሎ ምድጃው ጥግ አቆመው። ሲጠጣ የዋለ እንጨት እሳት ዳር ሲያድር ምን እንደሚሆን አንተ ታውቃለህ። ሰደፉ ከእጅ መያዣው እስከ ትከሻው ድረስ ተሰነጠቀ። አክብረን ሰበርነው፣ ፈይሳ። ማንንም አልተቆጣሁም፤ የምቆጣበት አቅምም አልነበረኝም።

እስከ በጋው ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀመጠ። ከዚያ ሰፈራው መጣ፣ በቆሎው ተዘራ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርም ቤታችን መጣ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ጮክ ብሎ መናገር ይወዳል እንጂ። ባለቤቱ የሞተ ጠመንጃ ሁሉ፣ ከቤቱ የሚተኩስ ሰው ካልቀረበ፣ ወደ ጥበቃ ጓዱ ይገባል አለ። የሚተኩስ አለን የሚል ደግሞ በቆሎው ከማሸቱ በፊት ኮሚቴው ፊት ወጥቶ ያሳይ። ከቤታችሁ የቱ ወንድ ነው ብሎ ዞር ዞር ብሎ አየ። እኔ ነኝ አልኩት። አብረውት የመጡት ሳቁ። አኮ ግን አልሳቁም።

ጀግና ለመባል እንዳይመስልህ። ጠመንጃው ከሄደ ማሳው ሄደ ማለት ነው። የጥበቃ ጓዱ የሁሉን ማሳ እጠብቃለሁ ይላል፤ የእኛ ግን ጫካው አፍ ላይ ነው፣ ተረኛው እስኪደርስ ዝንጀሮው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ልጆቹን አዝሎ ይሄዳል። በቆሎው ከተበላ ደግሞ ሌንሴ ከትምህርት ቤት ወጥታ ሰው ቤት ትገባለች። ይህን ለአንድም ሰው አልተናገርኩም፤ ሌሊት ሌሊት ግን ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ተኩስ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ ታስታውሳለህ? በተጋባን በዓመቱ፣ ከድሮው ቤታችን ጀርባ፣ ጉብታው ላይ ደረትህን አስደግፈህ አሳየኸኝ። እኔ የተኮስኩት ቅርንጫፍ መታ፤ አንተ ሳቅህ፣ እኔ አኮረፍኩ፣ ማታ እራት ሳትበላ ልታድር ትንሽ ቀረህ። አንተ ስትተኩስ ጉንጭህን እንጨቱ ላይ ታሳርፍና ትንፋሽህን ቀስ ብለህ ታወጣ ነበር። እኔም ከኋላህ ቆሜ፣ ሳይታወቀኝ፣ አብሬህ አወጣ ነበር።

ሲሬ ወዳለው አናጢ ሄድኩ፤ ኦቦ ተሊላ፣ የአልጋችንን እግር የሠራልን ሰውዬ። ሁለት ጉማጅ አወጣልኝ። አንዱ ወይራ ነው፤ ጠንካራ፣ ያማረ፣ ግን ሳነሳው ክንዴን ጎተተው፣ ውስጡም ገና እርጥብ ነበር። ሌላው ከኑኑ ቁምባ የመጣ ዋንዛ ነው፤ ጭስ ላይ ከርሞ ደርቋል፣ ቀላል ነው፣ በቀላሉም አይሰነጠቅም። ዋንዛውን መረጥኩ። ስለ ልኩ ሲጠይቀኝ የተሰነጠቀውን ሰጠሁትና በዚህ ልክ፣ ምንም ሳታጎድል አልኩት። የሚተኩሰው ማነው አለኝ። የፈይሳ ነው አልኩት። ክንዴን አየት አድርጎ መጋዙን አነሳ። ሐዘንተኛን ማን ይከራከራል?

ሥራውን ብታይ ትወድለት ነበር። ጉንጭህ ያጎደጎደውን ቦታ እንኳ ሳይቀር እንዳለ ጠርቦታል። ቤት ይዤው ስገባ አኮ ተቀብለው ሳሙት፤ አሮጌውን ደግሞ ወስደው ትራሳቸው ሥር አደረጉት። ያን ቀን ቤቱ ውስጥ የሆነ ደስታ ነበር፤ አንድ ሰው ከመንገድ የሚመለስ ይመስል ሁላችንም ወዲያ ወዲህ አልን።

ማሳው ዳር ወጥቼ ሞከርኩት። ሳትኩ። ደግሜ ሳትኩ። ትከሻዬ ጠቆረ፣ ከንፈሬ ተሰነጠቀ፣ ዝንጀሮዎቹ ድምፁን ለምደው መሸሹን ተዉት። ማነጣጠሪያውን ለማየት አንገቴን ማስገግ አለብኝ፤ አንገቴን ሳሰግግ ጣቴ ቃታው ላይ በደንብ አይደርስም። አንዴ አፈሙዙ ተጣሞ ነው እላለሁ፣ አንዴ ጥይቱ አርጅቶ ነው እላለሁ፣ አንዴ ኦቦ ተሊላን በሌለበት እሰድበዋለሁ። ቀኑ ደግሞ እየቀረበ ነው። በመጨረሻ እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም ብዬ ጠመንጃውን ለሊቀመንበሩ ላስረክብ ወሰንኩ።

አኮ የዚያን ቀን በቆሎ ጥበቃ አብረውኝ ወጥተው፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲያዩኝ ውለው ነበር። ቆጥ ላይ ያለ ነገር እንደምታወርድ ሴት ትንጠራሪያለሽ አሉኝ። ከዚያ ተነስተው መጡና ክርኔን ያዙ፤ እጄን ቃታው ላይ፣ ሰደፉን ትከሻዬ ላይ አድርገው አዩት፣ በመሃል የተረፈውን እንጨት በመዳፋቸው ሸፈኑት። «ሐርኪ ከን ኬቲ» አሉኝ። ክንዱማ የኔ ነው፤ ታዲያ ማን ነው ያስለካው? እኔ ራሴ። ጠመንጃውን ለአንተ ነው ያሠራሁት፣ ፈይሳ። ከሞትክ ዓመት ሊሞላህ ጥቂት ሲቀረው፣ ሰደፍ አስጠርቤልህ ነበር። አናጢው አውቆ ዝም አለ፣ አኮ አውቀው ሳሙት። ሁላችንም ለአንተ ክንድ እንጨት ስንመርጥ ነው የከረምነው።

ከእንጨቱ አንዲት ስንጥር እንዳትነሳ ይሉ የነበሩት አኮ ናቸው፤ ነቀምቴ ሄደሽ በራስሽ ልክ አሠሪ ያሉኝም እሳቸው ናቸው። ይህን ሲሉ ፊታቸውን ወደ ጫካው አዙረው ነበር።

ጋሽ ነስሩ ጋ ሄድኩ፤ ምስማርና ማጠፊያ የምትገዛበት፣ ገበያ ስትወርድ ሻይ ሳያጠጣህ የማይለቅህ ጉራጌው ባለ ሱቅ። ልጁ አሁን ከሱቁ ጀርባ የብየዳ ሥራ ከፍቷል። ጋሽ ነስሩ በኦሮምኛ ሰላም ብሎኝ በአማርኛ አጽናናኝ፤ አንተን ሲያነሳ ግን የራሱ ቋንቋ ነው ያመለጠው። ዋንዛውን አሳየሁት። ሊቆረጥ ይችላል አለ፤ ኦቦ ተሊላም በመጋዝ አንድ ጊዜ ቢያሳርፍበት ያልቃል። ግን እንጨት በክረምት ያብጣል፣ አብጦም አፈሙዙን ይገፋል፤ በፀሐይ ያነጣጠርሽበት በዝናብ ሌላ ቦታ ይሄዳል አለኝ። ከወደቀ መኪና ወንበር በወጣ የብረት ቱቦ ለአንድ የደን ጠባቂ የሠሩትን አሳየኝ። አጥንት ብቻ የቀረው ሰደፍ ነው። ጀርባው ላይ ቀዳዳና ብሎን አለው፤ ብሎኑን ፈትቶ ማስረዘም ነው፣ ማሳጠር ነው። ለእኔ ይሆናል፣ ተራዋ ሲደርስ ለሌንሴ ረጅም ክንድም ይሆናል።

አስቀያሚ ነው። ብረቱ ጉንጭ ላይ ይቀዘቅዛል፤ የጋሽ ነስሩ ልጅ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ጠቀለለበት። ዋንዛው ደግሞ እጄ ላይ ነበር፣ ሞቅ ያለ፣ የለሰለሰ። ሱቁ ደጃፍ ላይ ሁለቱንም ጭኔ ላይ አድርጌ ብዙ ተቀመጥኩ። ሰው እያየኝ ያልፋል። እውነቴን ነው የምልህ፣ ዋንዛውን ማስቆረጥ አቃተኝ፤ እንዳለ ይዞ መመለስ ደግሞ ልጆቹን ለዝንጀሮ መስጠት ነው። ብረቱን አልኩ። ክንድሽን ዘርጊ ተባልኩና ከክርኔ እጥፋት እስከ ጣቴ ጫፍ በሲባጎ ለኩኝ። ሲለኩኝ አፈርኩ፤ አንተ ፊት ሌላ ሰው ልብስ የሚሰፋልኝ መሰለኝ።

ኮሚቴው ፊት የቀረብኩት ደመና በከበደበት ቀን ነው። ሊቀመንበሩ ብረቱን ሲያይ፣ ይህ ጠመንጃ ነው ብስክሌት ብሎ ሰውን አሳቀ። አጥር ላይ ቅል ሰቀሉ። ተንበረከክሁ፤ ማነጣጠሪያው ራሱ ዓይኔ ጋ መጣ፣ መንጠራራት የለም፣ ጣቴም ቦታውን አገኘ። ቅሉ ተበተነ። አጋጣሚ ነው አለ አንዱ፤ ሌላ ቅል ሰቀሉ። ይህን ጊዜ ዝናቡ ወረደ። ይቁም ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ ማንም አላለም። እኔም አላልኩም። ሁለተኛውም ተበተነ። ሊቀመንበሩ ራሱን አከከና ፈቃዱ በአስካለ ስም ይዙር አለ። አሮጊቶቹ ጀባዱ፣ ጀባዱ፣ በርቺ እያሉ ከበቡኝ፤ አኮ ግን ሩቅ ቆመው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ነበር።

በቆሎው ተርፏል። ከዳሩ ትንሽ ተበልቷል፤ ዝንጀሮም የእግዜር ፍጥረት ነው። ሌንሴ ትምህርቷን ቀጥላለች። ዋንዛህ እንደተጠረበ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ አንድም ጊዜ ኢላማ አልተመታበትም።

ፈይሳዬ፣ ከኮሚቴው ስመለስ ብቻዬን በማሳው በኩል መጣሁ። ጠመንጃው ትከሻዬ ላይ እንዳለ፣ ድንገት አንድ ነገር ታየኝና አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ። አሁን በሩን ከፍተህ ብትገባ፣ ምንሽሬን አምጡ ብትል፣ ለአንተ አይሆንም። ብሎኑ እስከ መጨረሻው ቢፈታም ክንድህ ይተርፋል። ለካ እስከዚያች ቀን ድረስ የቀብርህን አፈር በእጄ በትኜ፣ አርባህን አውጥቼ፣ ሙት ዓመትህን ደግሼ፣ በጎን ደግሞ ስጠብቅህ ነበር። በለቅሶህ ቀን ሰው ይዞ ያስቀረብኝን ልቅሶ ያን ቀን ማንም ሳይይዘኝ አለቀስኩት።

አልረሳህም። በሕይወት እስካለሁ ስምህ ከቤትህ አይጠፋም፤ ልጆችህ አባታቸው ማን እንደነበረ ከሌላ ሰው አይሰሙም። መጠበቁን ግን ትቻለሁ፣ ሆዴ። ሳልነግርህ መተው አልሆነልኝም፤ ለዚህ ነው የጻፍኩልህ።

ሚስትህ አስካለ