አራት ከተማ፣ ግማሽ ክፍል

ሴፕቴምበር 3፣ ረቡዕ

ዝናብ። የሻንጣውን ዝርዝር ለሦስተኛ ጊዜ አየሁት። ሃያ አራት ዕቃ። የጎደለ የለም።

ሃያ ሁለት ዓመት ከእህቴ ከቪብከ ጋር ነበር የምንጓዘው። በየዓመቱ ሴፕቴምበር ላይ፣ በአውቶቡስ፣ ስምንት ቀን። ከተሞቹን የምመርጠው እኔ፤ ከሰው ጋር የምታወራው እሷ። ጃንዋሪ ላይ ሞተች። ዘንድሮስ ይቅርብኝ ብዬ ነበር። ግን ጌንት፣ ብሩዥ፣ ራንስ፣ ስትራስቡርግ... ሠላሳ ስምንት ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር በካርታ ላይ በዱላ የነካኋቸው ከተሞች ናቸው። አንዱንም አላየሁም። እንዲሁ ይቅሩ?

ለብቻ የሚሆን ክፍል ነበረ። አልወሰድኩም። በማላውቀው ሆቴል ብቻዬን መንቃት ያስፈራኛል። ስለዚህ "ግማሽ ክፍል" የሚሉትን ያዝኩ። ብቻዋን የምትጓዝ ሴት ከሌላ ብቻዋን ከምትጓዝ ጋር ታድራለች፤ የሚያጣምረው የጉዞ ቢሮው ነው። የደረሰችኝ ወይዘሮ ኦርትሩድ ካስፐር ትባላለች፣ ከኦስናብሩክ።

የምፈልገውን ለራሴ በግልጽ ልጻፈው። ከተሞቹን ብቻ አይደለም። ከርሞም አብራኝ የምትሄድ አንድ ሰው እፈልጋለሁ። ካልተገኘች ይህ የመጨረሻ ጉዞዬ ነው።

ሴፕቴምበር 6፣ ቅዳሜ፣ ጌንት

ከኦልደንቡርግ የተነሳነው አሥራ ሁለት ደቂቃ ዘግይተን። ወንበሬ አምስተኛው ረድፍ፣ በግራ። በመጀመሪያው ቀን የተቀመጡበት ወንበር እስከ መጨረሻው የራስ ነው፤ ይህን ማንም አይነግርህም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ወይዘሮ ካስፐር ከጎኔ። ሰፊ ሴት ናት፤ ቀይ የዝናብ ካፖርት ለብሳለች። ገና ድንበሩን ሳናልፍ የተቀቀለ እንቁላል ለግማሽ አውቶቡስ አደለች።

ሾፌሩ ማይክሮፎኑን ያዘ። "እኔ ኡቨ ነኝ። እዚህ አውቶቡስ ላይ እርስዎ የምለው ሞተሩን ብቻ ነው፤ እሱም ስላረጀ ነው።" ተሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ መሰለኝ።

ከእራት በፊት ልብሳችንን ቁም ሳጥን ውስጥ ስንሰቅል ወይዘሮ ካስፐር አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን አሽቀንጥራ ጣለች።

"እኔ ኦርትሩድ ነኝ" አለችኝ። "አንድ ክፍል ውስጥ እየተኛን እርስዎ መባባል ሆዴን ይነፋኛል። አንቺ እንባባል?"

"ይህን ማንሳት ያለበት ታላቅ ነው" አልኳት። "ዕድሜዎ ስንት ነው?"

"ስልሳ ሰባት።"

"እኔ ሰባ አንድ ነኝ።"

"እና?"

"እናያለን።"

እናያለን! እንዲህ አልኩ። ለምን? ሕጉ ሕግ ነው፣ እውነት ነው... ግን ለማስረዳት እንጂ ለመከልከል አልነበረም። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ጫማዎቿን አንስታ ጎን ለጎን ከአልጋዬ ርቀው እንዲቀመጡ አደረገቻቸው።

ሴፕቴምበር 7፣ እሑድ፣ ጌንት

"ደህና አደሩ ወይዘሮ ሃርምስ? መታጠቢያ ቤቱን እርስዎ ይቅደሙ" አለችኝ ኦርትሩድ ጠዋት።

ከዚህ የበለጠ ጨዋነት አይገኝም። ከዚህ የበለጠ ብርድም።

ድልድዩ ላይ ቆሜ የከተማዋን ሦስት ማማዎች አየሁ፤ አንዱ ከሌላው ጀርባ ተሰልፈዋል። ከታች በውሃው ዳር የድሮ ነጋዴዎች ቤት። በጣም ያምራል። ዞር ብዬ ቪብከን "አየሽ?" ልላት ነበር። አጠገቤ የቆመው ፎቶ የሚያነሳ ጃፓናዊ ነው።

ሴፕቴምበር 8፣ ሰኞ፣ ብሩዥ

አውቶቡሱ በሙሉ በስም መጠራራት ጀምሯል። ከኋላችን የተቀመጠችው ኢርምጋርድ፣ ጡረታ የወጣች አዋላጅ፣ አንገቷን በወንበሮቻችን መሃል አስገብታ፦ "ኦርትሩድ፣ እንቁላል ተርፎሻል ወይስ እየጣልሽ ነው የምታመጪው?"

"ትናንት ሁለት በልተሻል! ዶሮዋን አምጥቼ ባስቀምጥልሽ ይሻላል።"

ተንፈቅፍቀው ሳቁ። ከዚያ ኦርትሩድ ወደ እኔ ዞራ፦ "ይቅርታ ወይዘሮ ሃርምስ፣ ረበሽንዎት።"

ኡቨ በመስተዋቱ እያየን፦ "ወይዘሮ አስተማሪ፣ ፈተናውን መቼ ነው የሚያሳልፉን? አውቶቡሱ ላይ አንቺ ያልተባሉት እርስዎ ብቻ ቀሩ እኮ!"

"እኔ ወድቄያለሁ" አለች ኦርትሩድ። "ድጋሚ መፈተንም የለም።"

ሁሉም ሳቁ። እኔም መሳቅ ነበረብኝ። የእጅ ቦርሳዬን ዚፕ ከፈትኩ፤ ዘጋሁ።

ሴፕቴምበር 9፣ ማክሰኞ፣ ብሩዥ

ከሌሎቹ ቀድሜ ወጣሁ። በጥንት ጊዜ ብቸኛ ሴቶች አብረው ይኖሩበት የነበረው ግቢ ሄድኩ። ነጫጭ ቤቶች፣ ረጃጅም ዛፎች፣ ዝም በሉ የሚል ጽሑፍ። በሩ ላይ ቦይ አለ፤ አንገተ ረጅም ነጫጭ ዝዮች ይንሳፈፉበታል። አግዳሚ ወንበር ላይ አርባ ደቂቃ ተቀመጥኩ። ፕሮግራሜ ላይ የተመደበለት ሃያ ነበር።

አንድ ነገር ቆጠርኩ። ዳቦ ሻጯ እርስዎ ትለኛለች። ሐኪሙም። ጎረቤቶቼ በሙሉ። አብረውኝ ያስተማሩትም፤ በመምህራን ክፍል እንዲህ ነበር ልማዳችን፣ እኔም አጥብቄ የያዝኩት። አንቺ የምትለኝ ቪብከ ብቻ ነበረች። ከጃንዋሪ ወዲህ በዚህ ዓለም ላይ አንቺ የሚለኝ ሰው የለም።

አንዲት ሴት በአንድ ቀን ውስጥ አንቺ ልትለኝ ነበር። ዕድሜዋን ጠየቅኳት።

አሁን ተራው የኔ ነው። አንዴ እምቢ ተብላለች፤ ዳግመኛ አትጠይቅም። እኔ ካላነሳሁት ማንም አያነሳውም። እምቢ ብትለኝስ?

ሴፕቴምበር 10፣ ረቡዕ፣ ራንስ

ቁርስ ላይ ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር። አፌን ስከፍት "ቅቤውን ያቀብሉኝ" የሚል ወጣኝ። አቀበለችኝ።

ካቴድራሉ በር ላይ ፈገግ የሚል የድንጋይ መልአክ አለ። ለተማሪዎቼ ሠላሳ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፤ "በሩ ላይ፣ በግራ።" እዚያው ነው። ኦርትሩድና ኢርምጋርድ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ከፊቱ ቆመው ፈገግታውን ሲያስመስሉ ከሩቅ አየሁ። አልሄድኩም። ለምን አልሄድኩም?

ሴፕቴምበር 11፣ ሐሙስ፣ ስትራስቡርግ

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የካቴድራሉ ትልቅ ሰዓት በላዩ ያሉትን የሐዋርያት ምስሎች ያሰልፋል። ከታች ደግሞ ሕፃን፣ ወጣት፣ ጎልማሳ፣ ሽማግሌ በየተራ በሞት ፊት ያልፋሉ። ሽማግሌው ሲደርስ ኦርትሩድ ከጎኔ ነበረች። "ሰውዬው አይቸኩልም" አለች ቀስ ብላ። ለእኔ ይሁን ለራሷ አላወቅኩም። ግን ልብ ሰጠኝ።

"ወይዘሮ ካስፐር፣ ልጋብዝዎት?"

ከወንዙ ዳር፣ በእንጨት የተዋቀሩት ቤቶች ፊት ለፊት፣ ሁለት ብርጭቆ ነጭ ወይን አዘዝኩ። እኔ በቀን ወይን አልጠጣም።

"ዛሬ ምን ተገኘ?" አለችኝ።

ተነሳሁ። ይህ ነገር ቆመው ነው የሚሉት... ቢያንስ እኔ እንዲህ ነው የተማርኩት። "ታላቅ እኔ በመሆኔ ማንሳት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። በመጀመሪያው ቀን። ጌዚነ እባላለሁ።" ብርጭቆዬን ዘረጋሁ።

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

"ይቀመጡ ወይዘሮ ሃርምስ፣ ሰው እያየን ነው።" ተቀመጥኩ። "እውነቱን ልንገርዎት? አምስት ቀን ጠብቄያለሁ። ጠዋት ጠዋት 'ዛሬ ትለኛለች' እያልኩ። የመጀመሪያው ዕለት ማታ አልተኛሁም፤ ምን አጠፋሁ ስል አደርኩ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከሰው ጋር አንድ ክፍል ሳድር የመጀመሪያዬ ነበር።"

"አላወቅኩም።"

"አልጠየቁኝማ። የጠየቁኝ ዕድሜዬን ብቻ ነው።" ከወይኑ ቀመሰች። "ትናንት ከኢርምጋርድ ጋር ለጉዞ ቢሮው የዲሴምበር ጉዞ ተመዝግበናል። አንድ ክፍል።"

ብርጭቆዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"የቀረን ሁለት ቀን ነው" አለችኝ። "ለሁለት ቀን ብለን አንልመደው። ከዚያ መተዉ ይከብደኛል።" እጄን ነካ አደረገችው። ወይኗን እስከ መጨረሻው ጠጣችልኝ። ክፉ ሰው አይደለችም። ክፉ ብትሆን ቀላል ነበር።

ሴፕቴምበር 12፣ ዓርብ

ከተማው ውብ ነው። ሌላ የምጽፈው የለም።

ሴፕቴምበር 13፣ ቅዳሜ፣ ቤት

ኦስናብሩክ ላይ ወረደች። ቀይ ካፖርቷ ዝናቡ ውስጥ እስኪጠፋ አየሁት። "ደህና ይሁኑ ወይዘሮ ሃርምስ።" "ደህና ይሁኑ ወይዘሮ ካስፐር።" ከዚያ በኋላ ወንበሩ ባዶ ነበር፤ እስከ ኦልደንቡርግ ማንም አልተቀመጠበትም። የራሷ ነዋ።

ሻንጣውን ፈታሁ። ሃያ አራት ዕቃ።

የጉዞ ቢሮው የዲሴምበር ማስታወቂያ በፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ጠበቀኝ። ሉቤክና ኮፐንሃገን። ወደ ቅርጫቱ ጣልኩት። ደግሞ አወጣሁት።

ኦክቶበር 21፣ ማክሰኞ

ከቀትር በኋላ ስልክ ጮኸ። ዓርብ ዕለት ነበር የዲሴምበሩን ጉዞ ቅጽ የላክሁት። "ግማሽ ክፍል" በሚለው ፊት ምልክት አድርጌ።

"ወይዘሮ ሃርምስ ነዎት? ፍራውከ ሬንትስ እባላለሁ፣ ከኤምደን። የዲሴምበር ግማሽ ክፍልዎ እኔ ነኝ።" ጎርናና ድምፅ፣ ከኋላዋ ውሻ ይጮሃል። "አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎት ብዬ ነው የደወልኩት። አንኮራፋለሁ። የሚከፋዎት ከሆነ አሁኑኑ ይበሉኝ፤ በኋላ ከሚያዝኑብኝ።"

እርሳሴ እጄ ላይ ነበር። የምጠይቃትን ስምንት ነገር ጽፌ አዘጋጅቻለሁ። ሦስተኛው ዕድሜ ነው።

ወረቀቱን ገለበጥኩት።

"ጌዚነ በዪኝ" አልኳት።

ውሻው ብቻ ይጮሃል። አበላሸሁት አልኩ... ደግሞ አበላሸሁት።

"ጌዚነ" አለችኝ በመጨረሻ። "ስንት ዓመትሽ ነው?"

"ሰባ አንድ።"

"እኔ ሰባ ስድስት ነኝ እኮ! ይህን ማንሳት የኔ ነበር!"

"አዎ" አልኳት። "ያንቺ ነበር።"

ሳቀች፣ እስክታስላት ሳቀች። በሕይወቴ የጣስኩት ሕግ አላስታውስም። ዛሬ ጣስኩ፤ ባለመብቷም ሳቀችብኝ።