የማለዳው ዜና ሚን ሄሱን እና ወንድማቸውን የጠየቁበት የምርጫ ሰሞን

ወይዘሮ ሚን ሄሱን፣ በክርስትና ስማቸው ሞኒካ፣ ከአባታቸው ከአቶ ሚን ቻንግሶክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦክ ቡንኔ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1949 በጋንግዎን ክፍለ ሀገር፣ ጆንግሶን ውስጥ በሚገኝ የድንጋይ ከሰል መንደር ተወለዱ። ወንዙ እንኳ ጠቁሮ በሚወርድበት በዚያ መንደር ታጥቦ የተሰጣ ልብስ ነጭ ሆኖ አይነሳም ነበር። እሳቸው ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ነጭ ሸሚዝ ይወዱ ነበር።

በ1963 አባታቸው የማዕድኑ ጉድጓድ ተደርምሶባቸው ሞቱ። እናታቸውም እንደ ሌሎቹ የማዕድን ሠራተኛ መበለቶች ከሰሉን ከድንጋዩ በመልቀም ሥራ ተቀጠሩ። የአምስት ዓመቱ ታናሽ ወንድማቸው ሄጉን የሚውልበት ስላልነበረ ሄሱን አዝለውት ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። አንድ መምህር ተቆጥተው «ወይ ወንድምሽን ያዢ፣ ወይ መጽሐፍሽን ያዢ!» ቢሏቸው፣ «ወንድሜ ጀርባዬ ላይ ነው፤ እጄ ለመጽሐፉ ነፃ ነው» ብለው መለሱ። ይህን ወሬ መንደሩ ብዙ ዘመን ሲስቅበት ኖረ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ዎንጁ ከተማ አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው ካጠናቀቁ በኋላ፣ በ1968 ፈተና አልፈው በከተማው ሬዲዮ ጣቢያ ተቀጠሩ። መጀመሪያ የአየር ጠባይና የገበያ ዋጋ ያነቡ ነበር። የባቄላና የቀይ በርበሬ ዋጋ ሲያነቡ እንኳ ሰው ሥራውን ትቶ ያዳምጣቸው እንደነበር ባልደረቦቻቸው ይመሰክራሉ። በ1974 የጣቢያውን የድምፅ ቴክኒሻን አቶ ፒዮ ዶንግሆን አግብተው ጁዎንና ሱንግሚን የተባሉ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወልደዋል። ከደመወዛቸውም እየቀነሱ ወንድማቸውን እስከ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ።

በ1981 የጣቢያው የማለዳ ዜና ዝግጅት አቅራቢ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ለሃያ ሦስት ዓመታት የዎንጁ ሰው ሩዙን ጥዶ፣ ታክሲ ነጂው ሞተሩን አሙቆ፣ ማዕድን ሠራተኛው ቆቡን አጥልቆ የሚሰማው የመጀመሪያ ድምፅ የእሳቸው ነበር።

የሕይወታቸው ከባድ ፈተና የመጣው በ1992ቱ የምክር ቤት ምርጫ ዘመቻ ነው። ወንድማቸው አቶ ሚን ሄጉን በትውልድ አካባቢያቸው ለመቀመጫው ተወዳደሩ። በአዲስ ዓመት በዓል ቤተሰቡ እናታቸው ዘንድ ተሰብስቦ የሩዝ ቂጣ ሾርባ ሲበላ፣ አቶ ሄጉን «እትዬ፣ ሬዲዮ ላይ ስመጣ ቀላሏን ጥያቄ ለኔ አስቀምጪልኝ» ብለው ቀለዱ። ሄሱንም «ቀላሏን ለእማዬ ሰጥቻታለሁ፤ አንተ መልስህን አዘጋጅ» አሏቸው። ሁሉም ሳቀ።

ሳቁ ግን አልዘለቀም። ወንድማቸው በማዕድኑ መንደር ገበያ ቆመው «ጉድጓዶቹ አይዘጉም!» አሉ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ለከተማ ነጋዴዎች ስብሰባ መዘጋታቸው እንደማይቀር ተናገሩ። ሁለቱንም ንግግር የጣቢያው ዘጋቢዎች ቀርጸውት ነበር። ሄሱን አለቃቸው ዘንድ ገብተው «እሱን ሌላ ሰው ይጠይቅልኝ» ብለው ለመኑ። አለቃቸው ግን «ሌሎቹን ተወዳዳሪዎች የጠየቅሻቸው አንቺ ነሽ፤ እሱ ብቻ ለሌላ ቢሰጥ ከእህቱ ጥያቄ አሸሹት ይሉናል» ብለው አሰናበቷቸው። በዚያ ሳምንት እህል ከአፋቸው እንዳልገባ ባለቤታቸው ያስታውሳሉ።

በዕለቱ ሄሱን ዝግጅቱን እንዲህ ሲሉ ከፈቱ፦ «አድማጮቻችን፣ የዛሬው እንግዳችን ታናሽ ወንድሜ ናቸው። አዝዬ ነው ያሳደግኋቸው። ይህን አውቃችሁ አድምጡን።» ቀጥለውም ሁለቱን ንግግሮች ተራ በተራ አሰሙና «አቶ ሚን፣ እርስዎ ለመንደሩ አንድ፣ ለከተማው ሌላ ተናግረዋል። የትኛው ነው እውነቱ?» ብለው ጠየቁ። ወንድማቸው ነገሩ ገና በጥናት ላይ መሆኑን ማስረዳት ጀመሩ።

«የጠየቅሁት ጥናቱን አይደለም፤ እርስዎን ነው» አሉ ሄሱን።

ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጡት ባለቤታቸው ሙዚቃ ሊለቁ እጃቸውን ቢዘረጉ፣ ሄሱን ራሳቸውን ነቅንቀው ከለከሏቸው። ከዚያ በመላው ክፍለ ሀገር «እትዬ...» የሚል ድምፅ ተሰማ። አቶ ሄጉን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ይዘጋሉ። አውቃለሁ። የአባታችን ጓደኞች ፊት ቆሜ ግን አፌ እንቢ አለኝ» አሉ።

በማግስቱ በመንደሩ የአቶ ሄጉን ፎቶ ከየግድግዳው ተቀደደ። በምርጫውም በጥቂት ድምፅ ተሸነፉ። ከምርጫው በኋላ ሄሱን ሊጠይቋቸው ቢመጡ እናታቸው በር ላይ አስቁመው፣ «ወንድምሽን በአገር ፊት ‹እርስዎ› አልሽው! እንደ ባዳ!» አሏቸው።

«እማዬ፣ ሌሎቹንም እኮ እርስዎ ብያቸዋለሁ።»

«ሌሎቹን ጡት አላጠባኋቸውም!»

ሄሱን ያመጡትን ፍራፍሬ ደጃፉ ላይ አስቀምጠው ተመለሱ። ወንድማቸው ለአራት ዓመታት ስልካቸውን አላነሱም፤ በመከር በዓል የአባታቸውን መቃብር ሲያጸዱም እህትና ወንድም በተለያየ ሰዓት ይመጡ ነበር። ሄሱን በዚህ ስለመቆጨታቸው ለማንም ተናግረው አያውቁም። ዝግጅቱ ካበቃ በኋላ ግን የጆሮ ማዳመጫውን ሳያወልቁ ብቻቸውን ይቀመጡ እንደነበር አቶ ዶንግሆ ነግረውናል።

ጉድጓዶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። አቶ ሄጉን ወደ መንደሩ ተመልሰው የከሰል አቧራ ሳንባቸውን የጎዳቸው ሠራተኞች ካሳቸውን እንዲያገኙ ሲሟገቱ ቆዩ። ፎቷቸውን የቀደዱት ሰዎች ጭምር «መርዶውን ፊት ለፊት የነገረን እሱ ነው» እያሉ ጉዳያቸውን ይዘው ወደ እሳቸው መጡ። በ1996 እንደገና ሲወዳደሩ ጣቢያው ሌላ ጠያቂ ሊመድብላቸው አሰበ። እሳቸው ግን «የለም፣ እትዬ ካልጠየቀችኝ አልገባም» አሉ። ገብተውም «እርስዎ» ተባሉ፤ እንደ ፊተኛውም ተፋጠጡ። ሲወጡ አብረው ገበያ ሄደው የአጥንት ሾርባ ጠጡ። የሾርባ ቤቷ ባለቤት ሬዲዮውን ሰምታ ኖሮ፣ «እዚህስ ‹አንተ› ነው ወይስ ‹እርስዎ›?» ብላ ብትጠይቅ፣ ሄሱን «ሂሳቡን ከከፈለ እርስዎ፣ ካልከፈለ አንተ» አሉ። በዚያ ምርጫም አቶ ሄጉን ተሸነፉ፤ የማዕድኑ መንደር ግን የመረጠው እሳቸውን ነበር። እናታቸው በዚያው መከር ሁለቱን ልጆቻቸውን በአንድ ማዕድ አስቀምጠው አበሉ።

ወይዘሮ ሄሱን በ2004 ጡረታ ከወጡ በኋላ በደብራቸው ለዓይነ ስውራን መጻሕፍትን በድምፅ እየቀረጹ ሲያገለግሉ ኖሩ። ከ2022 ጀምሮ በጉበት ካንሰር ሲታመሙ በሕክምናም በጸሎትም ሲረዱ ቆይተዋል። ባለፈው ዓርብ ከምርጫው ቀን ቀድመው ድምፅ እንዲሰጡ ወንድማቸው በተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ ወሰዷቸው። ሲመለሱ «እትዬ፣ ማንን መረጥሽ?» ብለው ቢጠይቁ፣ «ስጠይቅህ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ደግሞ አንተ ጀመርክ?» አሏቸው። ሳይነግሯቸው ሚያዝያ 8 ቀን 2024፣ ማለዳ፣ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ባለቤታቸው አቶ ፒዮ ዶንግሆ፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና ወንድማቸው አቶ ሚን ሄጉን ቀርተዋቸዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው የሚፈጸመው ዛሬ፣ በምርጫው ቀን ነው። ከሥራና ከምርጫ ሰልፍ ቀርታችሁ ለመጣችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። ምርጫ ጣቢያዎቹ እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ክፍት ናቸውና ያልመረጣችሁ ከቀብር መልስ ድረሱ፤ እሳቸው ቢኖሩ ኖሮ ይህን ሳያሳስቧችሁ አይሰናበቱም ነበር።

ቸሩ አምላክ አገልጋዩን ሞኒካን ጨለማ በሌለበት ማለዳ ይቀበልልን፤ ከአባታቸውና ከእናታቸው ጋር ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ያድለን። አሜን።