ውሃ ሲመጣ ብቻ የሚበሉት

ለውዷ እታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃውን መውጣት ቻለ? ባለቤትሽን ጋሼን ሳሉ ለቀቃቸው? ሚጣስ የወለቀው የፊት ጥርሷ በቀለ? እኔ እጄ በጨው ከመላላጡ በቀር ደህና ነኝ።

«እማዬ እኔ ቤት ከመጣች ወዲህ እየመነመነች ነው፤ ሐኪሙም ምንም አላገኘባትም» ያልሽውን አንብቤ ሆዴ ባባ። በስልክ እንዳልነግርሽ እንደ ልማድሽ አታስጨርሺኝም። እስቲ መጀመሪያ የሥራዬን ነገር ስሚኝ።

እዚህ ለጥናት የምንከባከባቸው እንስሳት ሲያዩዋቸው አበባ ይመስላሉ፤ የሚኖሩት የባሕር ዳር ድንጋይ ላይ ተጣብቀው ነው። ባሕሩ ሲጎድል እጆቻቸውን ወደ ውስጥ ሰብስበው፣ ውሃቸውን ይዘው ኩርምት ይላሉ። ሲሞላ ይከፈቱና ያገኙትን ይይዛሉ። ከድንጋዩ ግርጌ ያሉት ውሃ ብዙም ስለማይለያቸው ሲበሉ ይውላሉ፤ ይፋፋሉ። ከላይ ያሉት ግን ውሃው ደርሷቸው ቶሎ ስለሚመለስ ትንንሽ ናቸው። የዋጧትን ታዲያ አሟጠው ነው የሚፈጯት።

ባለፈው ኃላፊያችን ከግርጌው አንዱን ከተጣበቀበት ስባሪ ድንጋይ ጋር ወደ ላይ አስወጡት። በለካነው ቁጥር አንሶ አገኘነው። ችኩሉ የምንለው ባልደረባዬ አንጀቱ አልችል ብሎት፣ ባሕሩ በጎደለበት ሰዓት የዓሣ ቁራጭ አናቱ ላይ ጣል ያደርግለት ጀመር። አይ የኛ አዛኝ! እንስሳው ንቅንቅ አላለም፤ ዓሣው እላዩ ላይ ገማ። ኃላፊያችን ሲያዩት አልተቆጡም። «አልታመመም፣ በሚያገኘው ልክ ነው ሰውነቱን የቀነሰው፣ ይልቅ ወደ ውሃው መልሰው» አሉት። መለሰው፤ አሁን ወፍሯል።

እታለም፣ እማዬን መውሰድሽ ደግ ነገር ነው፤ አንድም ቀን አልወቅስሽም። ግን ጠዋት ወጥታችሁ ማታ ነው የምትገቡት። ምሳዋን ሸፍነሽላት ትሄጃለሽ፣ ስትመለሺ እንደተሸፈነ ታገኚዋለሽ፣ ከዚያ ብዪ እንጂ እያልሽ ትጨቀጭቂያታለሽ። እማዬ መቼ ብቻዋን በልታ ታውቃለች? ቤቷ እያለች ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መቀሳቸውን አስቀምጠው ካልመጡ እጇንም አትታጠብ ነበር። ቤቷን ልታከራዪው ነው አሉ። እባክሽ ተዪው፤ ወደ ቤቷ መልሺያት። እናቷን መልሳ ጣለቻት ይሉኛል ብለሽ ከሰጋሽ በእኔ አሳብቢ።

ጋሼን ሰላም በዪልኝ። ሚጣን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለእማዬ ሰላምታዬን የምትነግሪያት ግን አንድ ቀን ከሥራ ቀርተሽ፣ ምሳ አብረሻት እየበላሽ ይሁን። ከበላች ልብሷን ሸክፊላት።

ታናሽ ወንድምሽ
ከባሕሩ ዳር፣ ኅዳር 9 ቀን