ለደም ምርመራ የያዝኩልሽ ጾም

የኔ እናኑ፣ ካለሽበት ሰላምታዬ ይድረስሽ። ከተለየሽኝ ተዝካርሽ ወጥቶ ሌላ የሲግድ በዓል ደርሶ አለፈ። እኔ ሮቫ ዩድ ሰፈር፣ እዚያው ቤታችን አለሁ። በረንዳው ላይ የተከልሽው ጤና አዳም ደርቋል። ውሃው እዚያው አጠገቡ ነበር፤ ተነሥቼ ማጠጣት አቃተኝ።

አልበላም አልናገርም ስላት ልጃችን አስቴር ኩፓት ሆሊም ወደሚሉት ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ይህ ኀዘን ብቻ አይደለም፣ ድብርት የሚባለው በሽታ ነው አለና ክኒን አዘዘልኝ። ጥናት ላይ ነን፣ ፈቃድህ ከሆነ ክኒኑን ሳትጀምርና ከጀመርክ በኋላ ደምህን እንየው አለኝ። ድብርት በደም ብቻ አይታወቅም፤ ግን አንዳንዱ ሰው ሲታመም ሰውነቱ ውስጥ ውስጡን ይቆጣል፣ የዚያ ምልክት ደሙ ላይ ይታያል ብሎ አስረዳኝ። ቄሶቻችን ነፍስ በደም ውስጥ ናት ብለው አይደል ያሳደጉን? እሺ አልኩት። ያንቺን ነገር እዚያ የሚያገኙት መስሎኝ።

ጾመህ ና አሉኝ። እኔ ጾም ሲሉኝ የማውቀው የኛን ጾም ነው። ከማታው ጀምሮ ውሃም አልቀመስኩ፤ ጸሎቴን አድርሼ፣ ስምሽን ጠርቼ ሄድኩ። ሩሲያዊቷ ነርስ ክንዴን ብታሸው ብትመታው የደም ሥሩ ጠፋት። ሳባ፣ በዕብራይስጥ አያቴ ማለቷ ነው፣ ደምህን ከማን ነው የደበቅኸው፣ ውሃ ይፈቀዳል አላልንህም ወይ ብላ ሳቀችብኝ። በስንት መከራ ከእጄ ጀርባ ቀዳች። የሰጠችኝን ብስኩት ኪሴ ከተትኩት፤ ፀሐይ ሳትገባ እንዴት ልፍታ? ሲግድ ላይ ጾመን፣ ጸሎቱ አልቆ ከተራራው ስንወርድ የመጀመሪያዋን ቁራሽ ዳቦ ራስሽ ሳትቀምሽ ለኔ ነበር የምታቀብይኝ። ያን ማታ የሚያቀብለኝ አጣሁ።

ክኒኑ ቀስ እያለ ሠራ። እህል ቀመስኩ፣ እንቅልፍም መጣ። ሁለተኛውን ደም ሲያዩት ያ ምልክት ቀንሷል አሉ፤ አስቴር እዚያው ሐኪሙ ፊት ጉልበቴን ሳመችኝ። እኔ ግን ፈራሁ። አንድ ጠዋት ፊቴን ታጥቤ፣ ቁርሴን በልቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው አለመኖርሽ ትዝ ያለኝ። ያ ቁጣ ከደሜ ሲወጣ አንቺን ይዞ ወጥቶ ቢሆንስ? ክኒኑን ተውኩት። ጨለማው ተመለሰ፤ አንቺ ግን አልተመለስሽም።

አስቴር ደረሰችብኝ። አባዬ፣ እማዬ ብትኖር አፍህን ፈልቅቃ ታስውጥህ ነበር አለችኝ፤ ይህን ብላ ስትስቅ እንባዋ መጣ። አንቺን የቀበረች ልጅ እኔንም በቁሜ እየቀበረችኝ ነው። ለራሴ ብዬ አይደለም፣ ለእሷ ብዬ ዋጥኩት። መኖሩ እንደሆነ እስከ ዛሬም አልጣመኝም፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

እንደገና ደም እንድሰጥ ቀጠሮ አለኝ። ነርሷ እንዳትንገላታ ውሃውን እጠጣለሁ። እህሉን ግን እስኪመሽ አልነካም፤ የመጀመሪያዋንም ቁራሽ በስምሽ እቆርሳታለሁ። ደሙ ተሻለው ሲሉ ብትሰሚ፣ ረሳኝ ብለሽ እንዳታዝኚ። ክኒኑ የሚደርስበት ቦታ አለ፤ አንቺ ያለሽበት ድረስ ግን አይዘልቅም።